ቤቱ መቼ ተሠራ? ከሜልቦርን ለላስታ ግንበኞች

ሜልቦርን ውስጥ አሮጌ ቤት ለማደስ የገባ ሠራተኛ ከክፍያው በፊት የሚጠይቀው ነገር አለ፤ "ቤቱ መቼ ነው የተሠራው?" ይላል። ባለቤቱ "በ1960ዎቹ" ካለው መዶሻውም ድሪሉም ከመኪናው አይወርዱም። (የውጭውን አገር ዘመን ሳነሳ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) እዚህ አገር ከ1990 በፊት የተሠራ ቤት አስቤስቶስ ይኖርበታል ተብሎ ነው የሚታሰበው። የለበትም ለማለት ላቦራቶሪ መመስከር አለበት።

ላሊበላም ይህ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ጉዳዩ ግን ሌላ ነው። "ያያቴ ቤት ነው"፣ "በጃንሆይ ጊዜ የተሠራ ነው" ሲባል የቤቱ ክብር ከፍ ይላል እንጂ ግንበኛው እጁን አይሰበስብም። እኔ ላስታ ተወልጄ ያደግሁ፣ ዛሬ በሜልቦርን ምዕራብ ሰፈሮች የሰው ቤት እያፈረስኩና እያደስኩ የምኖር ሰው ነኝ። የሁለቱንም አገር አቧራ ውጫለሁ። አገር ቤት ስገባ "እናንተ ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሁሉን ትፈራላችሁ" ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ እንፈራለን። የሚፈራውና የማይፈራው ግን ተምታቶብናል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። እዚህ የሚያስፈራው አሮጌው ቤት ነው። ላስታ ላይ አሮጌው ቤት ንጹሕ ነው ለማለት ይቻላል፤ የሚያስፈራው በላዩ የተጨመረው፣ በጎኑ የተቀጠለውና አሁን በማሽን የሚቆረጠው ነው።

መጀመሪያ ስለዚህኛው አገር። አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ ድንጋይ ነው፤ እንደ ጥጥ ተባዝቶ ይፈተላል። እሳት አይበላውም፣ ውኃ አያበሰብሰውም፣ ምስጥ አይደፍረውም፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ከሲሚንቶ ጋር ተለውሶ ጠፍጣፋ ወይም ሞገድ ያለው ሉህ ይሆናል። አውስትራሊያኖች "ፋይብሮ" ይሉታል፤ እኛ አገር የቆዩ ግንበኞች "ኤተርኒት" የሚሉት ነው። በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ፣ በጣሪያ ጠርዝ ሥር፣ በጋራዥ ክዳን፣ በወለል ፕላስቲክ ሥር፣ በቆጣሪ ሳጥን ጀርባ ይገኛል። ቀለም ተቀብቶ፣ ሳይሰነጠቅ እስከተቀመጠ ድረስ ማንንም አይነካም። መጋዝ ሲገባበት፣ ሲበሳ፣ ሲሰበር ግን ዓይን የማያየው ቃጫ አየር ላይ ይወጣል። ሳንባ ውስጥ የገባው አይሟሟም፣ በሳልም አይወጣም። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አንዳንዴም ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ የሳንባ ጠባሳ፣ የሳንባ ካንሰር ወይም ሜሶቴሊዮማ የሚባለውን የሳንባ ሽፋን ካንሰር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነት ካንሰር አምጪ ነው ይላል፤ በሥራ ቦታ በሚደርሰው ተጋላጭነት ብቻ በዓመት ከ200,000 በላይ ሰው እንደሚሞትም ይገምታል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ፈረንጅ ስለ ሠለጠነ ያመጣው የሚመስለው ወገን አለ። ጥንቃቄው የመጣው ከመቃብር ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ዊትኑም የሚባል የማዕድን መንደር ነበር። ከ1943 እስከ 1966 ሰማያዊ አስቤስቶስ ሲወጣበት ከሠሩት ብዙዎቹ ከጣሊያን፣ ከዩጎዝላቪያ፣ ከግሪክ የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ ቋንቋ የማያውቁ፣ የተሰጣቸውን የሚሠሩ፣ እንደኛው። የማዕድኑ ትርፍ አፈር በመንደሩ መንገድና በልጆች መጫወቻ ላይ ይደለደል ነበር። ከዚያ መንደር ሠራተኛና ነዋሪ ከ2,000 በላይ ሰው እንደሞተ ይነገራል። በ2007 መንግሥት መንደሩን ከካርታ ፋቀው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በርኒ ባንተን ሞተ። ጄምስ ሃርዲ በሚባለው ኩባንያ የሲድኒ ፋብሪካ የሠራ ሰው ነው፤ የኦክስጅን ቱቦ በአፍንጫው ሰክቶ ለታመሙ ሠራተኞች ካሣ ሲሟገት አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አይቶታል። እኛ ሐበሾች በብዛት ከምንኖርበት ከፉትስክሬይ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰንሻይን ኖርዝ፣ የዉንደርሊክ ፋብሪካ እስከ 1980ዎቹ ድረስ የአስቤስቶስ ሉህ ያመርት ነበር። ፋብሪካው ደጅ ያደጉ ልጆች ትልቅ ሰው ሆነው ነው የታመሙት።

ሙሉው እገዳ የመጣው ታኅሣሥ 31 ቀን 2003 ነው። ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ሜሶቴሊዮማ ይገኝበታል። መጀመሪያ የሞቱት ማዕድን ቆፋሪዎች ነበሩ፣ ቀጥሎ የፋብሪካ ሠራተኞች። አሁን ተራው የአናጢው፣ የኤሌክትሪሻኑ፣ የቧንቧ ሠራተኛውና ቅዳሜና እሑድ የራሱን መታጠቢያ ቤት የሚያፈርሰው ባለቤት ነው። ከሦስት የአውስትራሊያ ቤት አንዱ ውስጥ አስቤስቶስ አለ ይባላልና ተራው በቶሎ አያልቅም።

ሥራው ታዲያ እንዴት ነው የሚሠራው? የጋራዥ ክዳን ልናነሣ ነው እንበል። ከ10 ካሬ ሜትር በላይ ከሆነ ፈቃድ የሌለው ሰው አይነካውም። መጀመሪያ ሉሁ ውኃ ከሙጫ ጋር ተደባልቆ ይረጭበታል፤ ብናኙ እንዳይነሣ ነው። ከዚያ ምስማሩ አንድ በአንድ ይነቀላል እንጂ ሉሁ አይሰበርም። ሙሉውን ለሁለት ይዘን፣ እንደ ታመመ ሰው ቀስ አድርገን እናወርደዋለን። ወፍራም ፕላስቲክ ላይ ይጋደማል፣ ሁለት ጊዜ ይጠቀለላል፣ በቴፕ ይታሸጋል፣ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበታል፣ ፈቃድ ወዳለው መጣያ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ፒ-2 የሚባለውን ማስክና አንድ ጊዜ ለብሰው የሚጥሉትን ነጭ ቱታ እንለብሳለን። ጫማችን ማሰሪያ የለውም፤ ማሰሪያ ውስጥ ብናኝ ይደበቃል። ሥራው ሲያልቅ ቱታው ከሉሁ ጋር አብሮ ይታሸጋል። ቤት ይዞ መሄድ የለም። ሕጉ የመጣበት ምክንያት አለው፤ የባላቸውን የሥራ ልብስ እያራገፉ ያጠቡ ሚስቶች፣ ፋብሪካ ደጃፍ ሳይረግጡ በዚሁ በሽታ ሞተዋል።

ይህን ስል ሁሉም ሰው ሕግ አክባሪ ነው ማለቴ አይደለም። እኔ ራሴ የሠራሁለት አንድ ትንሽ ተቋራጭ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ እያሳየ "ጂፕሰም ነው፣ ዝም ብለህ ስበረው" ብሎኛል። ግድግዳው ጂፕሰም አልነበረም። በእጅ ተቆጥሮ የሚከፈለው፣ እንግሊዝኛ ያልደረጀው፣ ወረቀቱ ያላለቀለት አዲስ መጪ ነው እንዲህ ያለ ሥራ የሚሰጠው። የግንባታ ሠራተኛ ሁሉ ዋይት ካርድ ማውጣት አለበት፤ በአንድ ቀን ሥልጠና የሚገኝ ነው። ከዚያ ሥልጠና የሚቀረው ግን ብዙ ጊዜ ካርዱ ብቻ ነው። እዚህ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ "ናሙና ተመርምሯል ወይ? ወረቀቱን አሳየኝ" ማለት መብታችሁ ነው። የሚያባርራችሁ አሠሪ ካለ ይባረር እሱ።

አሁን ወደ ላስታ።

የላሊበላን አሮጌ ቤት የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ክብ ሆኖ በድንጋይ የተካበ፣ ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ደርብ ነው። ታች ከብት ይገባል፤ ላይ ሰው ያድራል፤ ደረጃው በውጭ በኩል በድንጋይ ይወጣል። ድንጋዩ ከዚያው ከአካባቢው የሚፈለጥ ቀይና ጥቁር ድንጋይ፣ ማያያዣው ጭቃ፣ ምሰሶውና ወጋግራው ጥድና ወይራ፣ ክዳኑ ሣር ነው፤ ደጋ ላይ ወደ አቡነ ዮሴፍ ሲወጡ ደግሞ ጓሳ። ምርጊቱ ጭድ የተረገጠበት ጭቃ ነው። ከፋብሪካ የመጣ አንድም ነገር የለበትም። የአገራችን አስቤስቶስ የሚወለድበት የድንጋይ ዓይነት ወደ ወለጋና ወደ አዶላ በኩል ነው ያለው። ላስታ ከላይ እስከ ታች የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ያንን ቤት የሚያፈርስ ግንበኛ ጥላሸት፣ የአይጥ ኩስና የዘመናት አፈር ይበላል። ይህም ለሳንባ ደግ አይደለም፤ ግን ሜልቦርን ላይ ከምፈራው ነገር ጋር አንድ አይደለም።

ችግሩ ቤቱ እንደዚያ ሆኖ አለመቅረቱ ነው። ሣሩ ተነሥቶ ቆርቆሮ ወጣ። በጎኑ የብሎኬት ክፍል ተቀጠለ። ኮርኒሱ አንዱ ጋ አቡጀዲ፣ አንዱ ጋ የማዳበሪያ ከረጢት፣ አንዱ ጋ ኮምፔንሳቶ፣ አንዱ ጋ ማን እንዳመጣው የማይታወቅ ግራጫ ሉህ ሆነ። በጃንሆይና በደርግ ጊዜ በየከተማው የተሠሩት ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮች፣ መጋዘኖችና የመንግሥት ቢሮዎች ደግሞ በዓለም ላይ አስቤስቶስ ሲሚንቶ እንደ ተአምር ዕቃ በሚሸጥበት ዘመን የተሠሩ ናቸው። በአገራችን ከተሞች የድሮ የውኃ መስመር ውስጥም የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ቧንቧ ተቀብሯል። እሱን ቆፍሮ አውጥቶ በግራይንደር የሚቆርጠው የቧንቧ ሠራተኛ ምን እንደያዘ የሚነግረው የለም።

ሌላው ያገራችን ጠባይ አለመጣል ነው። እኔ ይህን ጠባይ እወደዋለሁ፤ አውስትራሊያኖች ደህናውን በር ሲጥሉ ሳይ እጄን ይበላኛል። አዲስ አበባ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ፒያሳ ሲፈርስ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ፣ በሩም መስኮቱም ቆርቆሮውም ጣውላውም ተለቅሞ ለገበያ ወጥቷል። የመርካቶው ምናለሽ ተራ የቆመው በዚህ ጠባያችን ላይ ነው። ግን የፈረሰ ቤት ሉህ ለዶሮ ቤት ክዳን፣ ለማድ ቤት ግርዶሽ፣ ለሱቅ በረንዳ ይሆናል ተብሎ ሲቆረጥ፣ አስቤስቶስ ከሆነ ከሞተበት ተነሣ ማለት ነው። ቆርቆሮና እንጨት እንደገና ይሥሩ፤ ምንነቱ ያልታወቀ ግራጫ የሲሚንቶ ሉህ ግን አይሥራ።

ከአስቤስቶሱ ይልቅ ላሊበላ ላይ በዓይኔ የማየው ሌላው አቧራ ነው። እንግዳ ማረፊያ እየተሠራ ነው። አንድ ወጣት፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቁጢጥ ብሎ በግራይንደር ሴራሚክ ይቆርጣል። አፉ ላይ ከኮሮና ጊዜ የተረፈች፣ ታጥባ ታጥባ የሳሳች ሰማያዊ ማስክ አለች። ማሽኑ ሲነሣ ክፍሉ ይጠፋል፤ ልጁ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ሲያቆም ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኖ ይወጣና ይስቃል፤ "ሸመገልኩ አይደል?" ይላል። ከጎኑ ግማሽ ድረስ ውኃ ያለው ጀሪካን ተቀምጧል። ውኃው ለሲሚንቶ ማቡኪያ ነው።

አጎቴ በዚያው ሥራ ላይ ግንበኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ናቸው። ልጁን ስቆጣ ሰምተው፣

"ተወው እንጂ፤ አቧራ እኮ ያደግንበት ነው። እኔ ይኸው ስጠርብ ኖርሁ፣ ምን ሆንሁ?" አሉኝ።

"አንቱ የሚጠርቡት በመሮና በመዶሻ ነው፤ ድንጋዩም ጥቁር ድንጋይ ነው" አልኳቸው። "እሱ የሚቆርጠው ሌላ ነው።"

"ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ ምን ሌላ አለው?"

ሌላ አለው። ሳንባ የሚያደርቀው የድንጋይ አቧራ ክፉው ክፍል ሲሊካ ነው፤ መጠኑም ከድንጋይ ድንጋይ ይለያል። የላስታው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ ነፃው ሲሊካ ትንሽ ነው። አሸዋ ያለበት ኮንክሪት፣ ሸክላ ጡብ፣ ሴራሚክና ግራናይት ግን ብዙ አላቸው። በዚያ ላይ መሮ የሚያስፈነጥረው ፍርካሽ ነው፤ መሬት ይወድቃል። ግራይንደር የሚያወጣው ዱቄት ነው፤ ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያል፤ ከሚታየው ይልቅ የማይታየው ነው ሳንባ ጥግ የሚደርሰው። አጎቴ ደህና መሆናቸው ስለ ልጁ ምንም አይነግረንም። የሁለቱ ሥራ ስሙ አንድ ሆኖ ነው እንጂ አንድ ሥራ አይደለም።

እዚህ አገር የዚህን ነገር መጨረሻ በቅርቡ አይተነዋል። ለኩሽና ጠረጴዛ የሚሆን፣ በፋብሪካ ከተፈጨ ድንጋይና ሙጫ የሚሠራ ሰሌዳ ነበር፤ እስከ 95 በመቶ ሲሊካ የሚደርስ። በደረቁ ሲቆርጡት የኖሩ ወጣቶች በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ሳንባ እስከ መቀየር ደረሱ። አስቤስቶስ አርባ ዓመት የሚጠብቀውን ይኼኛው በጥቂት ዓመት ጨረሰው። አውስትራሊያ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሰሌዳውን ከዓለም ቀድማ አገደችው። ያ ሰሌዳ አዲስ አበባ አፓርታማዎች ኩሽና ውስጥ መግባት ጀምሯል፤ ላሊበላ ሆቴሎች መቀበያ ላይ እስኪደርስ ዓመታት አይፈጅም። ቆራጩም ያው በግራይንደሩ ያየሁት ዓይነት ልጅ ነው።

ነገሩን አገር ቤት የሚያወሳስበው ደግሞ ሕመሙ ሲመጣ ሌላ ስም የሚሰጠው መሆኑ ነው። ሳል፣ ክሳት፣ ሌሊት ላብ፣ ደረት መጥበብ ሲጀምር ሰው ሁሉ "የሳንባ በሽታ ነው" ይላል፤ ጤና ጣቢያውም የቲቢ ምርመራ ያዛል። ትክክል ነው ማዘዙ፤ አገራችን ቲቢ የበዛበት አገር ነው። ሲሊካ የገባበት ሳንባም ከሌላው ይልቅ በቲቢ ይጠቃል። ግን መድኃኒቱን ጨርሶ ሳሉ ያልጨረሰ ግንበኛ ሲመጣ "ሥራህ ምን ነበር? በምን ትቆርጥ ነበር?" ብሎ የሚጠይቅ ካልተገኘ፣ ያ ሰው በቲቢ እንደሞተ ይመዘገባል። አውስትራሊያ የምትቆጥረውን ያህል ሰው የምትቆጥረው ስለምትጠይቅ ነው። እኛ ጋ ሰው በአቧራ አይሞትም የምንለው ስላልቆጠርን ነው።

አፍ በሻሽ ወይም በጋቢ ጠርዝ መሸፈን ከምንም ይሻላል የሚሉ አሉ። ለትልቁ አቧራ እውነት ነው። ደቃቁን ግን ጨርቅ አያስቀረውም፤ እንዲያውም ሰው የተከለለ እየመሰለው ረዘም አድርጎ ይቀመጣል። ስለ ጋቢው ግን ሌላ የማነሣው አለ። ደጋ ላይ ያለ የቀን ሠራተኛ ጋቢውን ለብሶ ሥራ ይመጣል፣ ብርዱ ሲሰበር አሸዋው ክምር ላይ ይጥለዋል፣ ማታ ያንኑ ለብሶ ይተኛል፤ ሕፃን ልጁን ያስገባበታል። እዚህ ቱታ የምናሽገው ለምን እንደሆነ ካስታወሳችሁ የነገሩ ክብደት ይገባችኋል። ጋቢው ከሥራ ቦታው ራቅ ብሎ ቢሰቀል፣ ለሥራ የሚሆን አሮጌ ሸሚዝ ቢለይ፣ ማንንም ሳንቲም አያስወጣም።

ሕጉስ? ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያስገድዳል፤ ከሥራ የሚመጣ በሽታንም ያውቃል። ግን ጠዋት አደባባይ ቆሞ "ግንበኛ የሚፈልግ" ሲባል የሚሄደው ሰው፣ ጭቃና ድንጋይ በባሬላ የምታመላልሰው ሴት፣ ውል የላቸውም። አሠሪያቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ እኛው ነን፤ ከሜልቦርን፣ ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ ገንዘብ ልከን የእናታችንን ቤት የምናሳድስ ልጆች። የቆርቆሮውን ዋጋ፣ የሚስማሩን ኪሎ በቪዲዮ እየተደዋወልን እንከራከራለን። ማስክ የሚል ቃል በሒሳቡ ውስጥ አንድም ጊዜ አይቼ አላውቅም።

የላሊበላ ሰው "መቼ፣ በምን ተሠራ?" ብሎ የመጠየቅ ልማድ የለውም እንዳልል የሚከለክለኝ አለ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ይጠየቃል እኮ! በፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ በተደረገ ጥገና ግድግዳዎቹ ላይ ሬንጅ ተቀብቶ ነበር። በዚሁ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመሩት ቡድን ያንን ሲፍቅ፣ ያለፈው ጠጋኝ ምን እንደቀባ፣ መቼ እንደቀባ ማወቅ ነበረበት። በቅርቡም ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በዓለም ሐውልቶች ፈንድ ሲጠገን የአካባቢው ጠራቢዎች ሠልጥነውበታል። ይህ ስንጥቅ በምን ተሞላ? ሲሚንቶ ነው ኖራ? ከዓለቱ ጋር ይስማማል? እየተባለ ነው የተሠራው። የከተማው ግንበኛ ጥያቄውን ያውቀዋል ማለት ነው። ለድንጋዩ ጤና የሚጠየቀው ለጠራቢው ሳንባ ቢጠየቅ አዲስ ትምህርት አይደለም። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ተነሥተው ኩራኩር የሰፈሩት ሰዎች የተዉአቸው ክብ ቤቶች ሲጠገኑም፣ ሣርና ጭቃውን በሣርና በጭቃ መመለስ ለቅርስ ብቻ ሳይሆን ለሠሪው ጤናም ይበጃል።

ለሴራሚኩ አቧራ መፍትሔው "ውኃ አርከፍክፉበት" ነው ማለት ሜልቦርን ሆኖ ቀላል ነው። ቧንቧ ከፍተህ ትረጫለህ። ላሊበላ ላይ ውኃ በጀሪካን፣ በአህያና በሴት ጀርባ ነው የሚመጣው። አጎቴ "ለሰው ያልበቃ ውኃ ለሴራሚክ?" ቢሉኝ መልስ የለኝም። ግን ከግራይንደር ሌላ በእጅ የሚገፋ የሴራሚክ መቁረጫ አለ፤ ጭሮ የሚሰብር ነው፤ አቧራው ጥቂት ነው፤ መብራትም አይፈልግም። በጦርነቱ ጊዜ መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ በነበረበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በግራይንደር መቁረጥ ግድ ከሆነም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተዘግቶ ሳይሆን ደጅ ወጥቶ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ፣ ሌላው ሠራተኛ ርቆ ይቆረጥ። በቀዳዳ ጠርሙስ ጠብ ጠብ የሚል ውኃም ከደረቁ በብዙ ይሻላል፤ መብራት ባለበት ግን ውኃና የኤሌክትሪክ ገመድ እንዳይገናኙ ተጠንቀቁ።

አስቤስቶስ አንድ ጊዜ ከታገደ ነገሩ አልቋል የሚል ካለ ደግሞ ይህን ይስማ። በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ ግሬት ዎልና ቼሪ የተባሉ የቻይና መኪኖች ሞተር ውስጥ የአስቤስቶስ ማሸጊያ ተገኝቶ ከ20,000 በላይ መኪና ለእርማት ተጠርቷል። በ2016 ፐርዝ አዲስ የሕፃናት ሆስፒታል ሲሠራ የጣሪያው ፓነል ውስጥ ተገኘ። በ2024 ሲድኒ መናፈሻ ላይ በተበተነ የእንጨት ፍርፋሪ ውስጥ ተገኘ። ይህን ያህል ላቦራቶሪና ጉምሩክ ያለው አገር ካመለጠው፣ የእኛ ገበያ ፍሬን ሸራና ሉህ ምን እንደያዘ ማሰብ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ነጩ አስቤስቶስ በሮተርዳም ስምምነት የማስጠንቀቂያ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ከ2006 ጀምሮ በተደጋጋሚ ቢጠየቅም፣ ዋናዎቹ አምራቾች ሩሲያና ካዛክስታን ያሉበት ጥቂት አገሮች እስካሁን አላስገቡትም። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ናት።

እንግዲህ የላስታ ልጆች፣ ገንዘብ የምንልከው እኛ ነንና ሒሳቡን የምንጽፈውም እኛ ነን። አሮጌውን ክብ ቤት አታፍርሱት፤ ጠግኑት። ምንነቱ ያልታወቀ ግራጫ ሉህ ካለ ደህና ሆኖ እስከተቀመጠ ድረስ አትንኩት፣ አትብሱት፤ ቀለም ቅቡትና ተዉት። ሴራሚክ የሚቆርጠው ልጅ ስሙ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ማስክ አለው ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ለገና የምትወርዱ ደግሞ ሻንጣችሁ ውስጥ ከጫማውና ከሽቶው ጎን ሁለት ሳጥን ፒ-2 ወይም ኤን-95 ማስክ ክተቱ፤ ጢም ላይ በደንብ እንደማይገጥም ለጢማሞቹ ንገሩልኝ። ሁለቱ ሳጥን ከአንድ ኪሎ አይበልጥም።